ምርመራ ወይስ ምርምር?

ኖቬምበር 2022፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን በሚገኘው የእህቴ ቤት ተሰብስበናል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል የእህቴ ልጅ ስልኳን እንደያዘች ከክፍሏ ወጣችና አያቷን በደስታ እንዲህ አለቻት፦

«እማማ፣ በበጋ ለምርመራ ልሄድ ነው!»

እናቴ ሲኒዋን ቁጭ አደረገች። «ውይ ልጄን! ምንሽን ነው ያመመሽ? ደግሞስ በጋው አሁን አይደል እንዴ? እስከ መቼ ሊያቆዩሽ ነው?»

ሁላችንም ሳቅን። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ልክም ነበረች። አማርኛን አሜሪካ ውስጥ ለምትማሩ ሁሉ ይህች ዓረፍተ ነገር ጥሩ ትምህርት አላት። «ምርመራ» ሐኪም በሽተኛን ወይም ፖሊስ ተጠርጣሪን ሲመረምር የሚደረገው ነው። የእህቴ ልጅ ልትል የፈለገችው «ምርምር» ነው፤ ማለትም ያልታወቀን ነገር ለማወቅ መጠየቅ፣ መሞከር፣ መለካት። ሁለቱም «መረመረ» ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው። «በጋ» ደግሞ አገር ቤት ደረቁ ወቅት ነው፤ ኖቬምበርና ጃንዋሪ በጋ ናቸው። አሜሪካኖች ሰመር የሚሏቸው ጁን፣ ጁላይና ኦገስት አገር ቤት ዝናቡ የሚወርድበት ክረምት ናቸው። እኛ የአትላንታ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ክርክር ለመዳን «ሰመር» ብለን እናልፈዋለን። እኔም እዚህ ሰመር እላለሁ።

«እሺ፣ ምርምር ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ እንዶድ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«እንዶድማ! ነጠላውንና ጋቢውን በምን አጥበን ነው ያደግነው?»

ታሪኩን ነገርኳት። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አድዋ ውስጥ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ወረድ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ናቸው። ዶክተር አክሊሉ «ለምን ሞቱ?» ብለው ጠየቁ፤ ጥያቄውንም ይዘው ለዓመታት ሠሩ። የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አሳዩ። በ1989 ለዚህ ሥራቸው ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

እናቴ ጥቂት አሰበችና «እኛም እኮ ዕድሜያችንን ሙሉ እንዶድ ወቅጠናል። ቆም ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም» አለች።

የእህቴ ልጅ ይህን ስልኳ ላይ ጻፈችው። ያኔ ለምን እንደጻፈችው አልጠየቅኳትም።

የእህቴ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። እህቴ ኤርፖርት ውስጥ ትሠራለች። ባለቤቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነው። ልጅቷ በሰመር ሠርታ የምታመጣው ገንዘብ ለቤት ኪራይ ይታሰባል። «ቤትም ሰጥተው፣ ገንዘብም ከፍለው ሊያስተምሯት? ማጭበርበሪያ እንዳይሆን» አለችኝ።

ማጭበርበሪያ አልነበረም። ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም ከ1987 ጀምሮ አር ኢ ዩ በተባለ ፕሮግራም ለዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ እየሰጠ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በሰመር ምርምር እንዲሠሩ ያደርጋል። አንድ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ያህል ተማሪዎችን ይቀበላል። ቆይታው ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ነው። ለተማሪው በየሳምንቱ የሚታሰብ ገንዘብ ይከፈለዋል፤ በብዙዎቹ ቦታዎች ማደሪያውና ጉዞውም ይሸፈናል። የፋውንዴሽኑ መመሪያ ቀድሞ በሳምንት 600 ዶላር ገደማ ይል ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወደ 700 ከፍ ብሏል። ፕሮግራሞቹ ለማመልከቻ ክፍያ እንዲጠይቁ አይፈቀድላቸውም። አመልካቹ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ሊኖረው ይገባል። ከተመረጡት ብዙዎቹ ከሌላ ኮሌጅ የመጡ እንዲሆኑ ስለሚፈለግ፣ የምትማሩበት ኮሌጅ ትልቅ ላቦራቶሪ ባይኖረውም በሩ አልተዘጋባችሁም። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማሪዎችም ማመልከት ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ሳስረዳ ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረበት። እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የሠራሁት ባሕር ዳር ነው። ክረምት ሲመጣ ተማሪው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደየቤቱ ይበተናል። እየተከፈለው የሚመራመር የ20 ዓመት ተማሪ ያየሁት ለማስተርስ አትላንታ ከመጣሁ በኋላ ነው። እኔ በምሠራበት ላቦራቶሪ በየሰመሩ ከሌላ ክፍለ ግዛት ልጆች ይመጡ ነበር፤ አንዱን እንዳግዝ ተመድቤ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቅናት ቢጤ ተሰማኝ። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ላመልክት ስትል «ሚጣዬ፣ ለእኔ ተይው፤ እኔ አውቀዋለሁ» አልኳት።

ስሕተቴ ከዚህ ይጀምራል።

እሷ የጻፈችውን አንድ ገጽ ሰጠችኝ። ጽሑፉ ዓይን አፋር ነበር። አንድ ቦታ ላይ «አያቴን በመድኃኒቷ ጉዳይ በስልክ አግዛት ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። «ይሄ የቤት ጉዳይ ነው» ብዬ ሰረዝኩት። በምትኩ ከልጅነቷ ጀምሮ ለኮምፒውተር ልዩ ፍቅር እንደነበራት ጻፍኩ። ኮድ መጻፍ የጀመረችው አሥራ አንደኛ ክፍል ሆና ነው። ሦስት ምሽት ተቀምጬ ገጹን ከላይ እስከ ታች ቀየርኩት። የእኔ ሥራ፣ የእኔ ቃላት፣ የእኔ ምኞት ገባበት።

አነበበችውና «ጋሼ፣ በጣም ቆንጆ ነው። ግን እኔን አይመስልም» አለችኝ።

«የሚያስመርጥሽ ይሄ ነው» አልኳት።

የድጋፍ ደብዳቤውም እንዲሁ ሆነ። ማመልከቻው ከመምህር የተጻፈ ደብዳቤ ይጠይቃል። የእህቴ ልጅ ግን መምህሯን ለመጠየቅ እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ቆየች። «ብዙ ሥራ አለባቸው፤ ላስቸግራቸው አልፈልግም» ትላለች። ይህን ስሜት አማርኛ «ይሉኝታ» ይለዋል፤ ቃሉ ራሱ «ምን ይሉኛል?» ከሚለው የመጣ ነው። አትላንታ ያደገች ልጅ ይሉኝታን ከየት አመጣችው ብዬ ሳስብ እናቷን አየሁ። በመጨረሻ አራት ቀን ሲቀር ጠየቀች። መምህሯ ደብዳቤውን ጻፉ። በአራት ቀን ውስጥ ግን ከውጤቷ ሌላ ምን ሊጽፉላት ይችላሉ?

ስምንት ቦታ አመለከተች። እስከ ኤፕሪል 2023 ድረስ ስድስቱ በትሕትና እንዳልተቀበሏት ጻፉ፤ ሁለቱ ጨርሶ አልመለሱም። ላጽናናት ሄድኩ። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ዝም ብላ ቆየችና «ጋሼ፣ ያልተመረጥከው አንተ ነህ። እኔማ ገና አላመለከትኩም» አለችኝ።

ይህ ንግግር ሰመሩን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። እሷ ከኢንዲያን ክሪክ ጣቢያ ማርታ ትሳፈርና ፋይቭ ፖይንትስ ላይ ባቡር ቀይራ ኤርፖርት ትሄዳለች። እዚያ ቡና ስትሸጥ ውላ ማታ ትመለሳለች። ገንዘቡን ለእናቷ ትሰጣለች።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ከቤተ ሰብ ግብዣ ስንመለስ ሜሞሪያል ድራይቭ ላይ መብራት ያዘን። «ባለፈው ዓመት የሰረዝከውን ዓረፍተ ነገር ታስታውሳለህ?» አለችኝ። ከዚያ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችኝ።

በ2021 አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች አያቷን ይዛ ሐኪም ጋ ሄደች። ሐኪሟ መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 8 ሰዓትና ማታ 8 ሰዓት እንዲወሰድ አዘዘች። አስተርጓሚዋ የእህቴ ልጅ ነበረች። «እማማ፣ በ8 ሰዓትና በ8 ሰዓት ውሰጂ» ብላ ተረጎመች። ለእናቴ ግን ሰዓት የሚቆጠረው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 8 የሚባለው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው። የእናቴ 8 ሰዓት አንዱ ከምሳ በኋላ ነው፤ ሌላው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ አሜሪካኖች ከሌሊቱ 2 የሚሉት ሰዓት ነው።

እናቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት እየተነሳች መድኃኒቷን ወሰደች። አንድ ሌሊት የእህቴ ልጅ ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ የወጥ ቤቱ መብራት በርቷል። አያቷ ጋቢዋን ተከናንባ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ሰዓቱ እስኪሞላ ትጠብቃለች። «ሐኪሟ ያዘዘችው ነዋ» አለቻት። በማግሥቱ ወደ ክሊኒኩ ደወለች። በዚያ መድኃኒት ጉዳት አልደረሰም፤ ሌላ መድኃኒት ቢሆን ግን ሊያሰጋ ይችል እንደነበር ነገሯት።

ልጅቷ አፍራ ዝም አለች። በዝምታው ውስጥ ግን ሥራ ጀመረች። አያቷን በኢትዮጵያ ሰዓት የሚያስታውስ ትንሽ ፕሮግራም ለስልኩ ጻፈች። መልእክቱን በአማርኛ እንዲያነብ የማሽን ድምፅ ሞከረች። «መድኃኒትሽን ገና አልወሰድሽም» ብላ ጻፈች። ማሽኑ «ገና» የሚለውን አጥብቆ፣ እንደ በዓሉ ስም አነበበው። እናቴ «ገና ደረሰ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

አማርኛ ስታነቡ ይህ እናንተንም ሳያስቸግራችሁ አይቀርም። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ «እስካሁን አልሆነም» ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ አንባቢው ከአረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ማሽኑ ግን እንዴት ይወቅ? የእህቴ ልጅ መልሱን አላገኘችም። ለጊዜው የራሷን ድምፅ ቀድታ አስገባች። ጥያቄው ግን ከእሷ ጋር ቀረ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ እስኪነፉብኝ ድረስ አልሰማሁም። እኔ «የቤት ጉዳይ» ብዬ የሰረዝኩት ይህንን ነበር።

«ይህን ጻፊ» አልኳት።

«ስሕተቴን? ለማያውቁኝ ሰዎች?»

በማግሥቱ የማስተርስ አማካሪዬ ለነበሩት ፕሮፌሰር ደወልኩ። ማመልከቻ ሲያነቡ ምን እንደሚፈልጉ ከዚያ በፊት ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ከልጅነት ጀምሮ ስለነበረ ፍቅር የሚያወራ ጽሑፍ በየዓመቱ ክምር ሙሉ እንደሚደርሳቸው ነገሩኝ። እሳቸው የሚፈልጉት ሁሉን የሚያውቅ ተማሪ ሳይሆን ጥያቄ ያለውን ተማሪ ነው። አሥር ሳምንት ጥያቄውን ወዴት እንደሚወስደው ማየት ይፈልጋሉ። የሰማሁትን ለእህቴ ልጅ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት።

ጽሑፏን በእንግሊዝኛ ራሷ ጻፈችው። መጀመሪያው በአማርኛ እንዲህ ይሆናል፦ አያቴን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት የቀሰቀስኳት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ሰዓቱ፣ ፕሮግራሙ፣ «ገና»፣ ጥያቄው ይመጣል። መጨረሻው ላይ አያቷ ስለ እንዶድ ያለችውን አስገባች፤ ስልኳ ላይ የጻፈችው ለካ ለዚህ ኖሯል። የእኔ ድርሻ «ይህን ስትይ ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ሆነ። እጄን ከቁልፎቹ ላይ ማንሳት ከማስተርሴ ፈተና ይልቅ ከብዶኛል።

ደብዳቤውን ስድስት ሳምንት ቀድማ ጠየቀች። በዚያ መንፈቅ ዓመት መምህሯ ለተማሪዎች በመደቡት የቢሮ ሰዓት በየጊዜው እየሄደች ፕሮግራሙን አሳይታቸው ነበርና የሚጽፉት ነገር አላጡም። ይሉኝታዋ አልጠፋም፤ በር ከማንኳኳቷ በፊት ኮሪደሩ ላይ ሁለት ጊዜ እንደምትመላለስ ነግራኛለች። ግን ታንኳኳለች።

ስድስት ቦታ አመለከተች። ማርች 2024 ላይ አንዱ ተቀበላት፤ ፒትስበርግ።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እህቴ አንድ ፖስታ ገልብጣ ጀርባው ላይ ታሰላ ጀመር። ፕሮግራሙ ለ10 ሳምንት 6,000 ዶላርና ማደሪያ ይሰጣል። ኤርፖርት ትርፍ ሰዓት ጨምራ ከምታገኘው ብዙም አይበልጥም። የመጀመሪያው ክፍያ የሚደርሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ግብር ሳይቆረጥ ስለሚመጣ ከላዩ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ምግብ አለ። ልጅቷ ከቤት ርቃም አታውቅም። እህቴ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደመረችው። እስክሪብቶውን አስቀመጠችና «ኪራዩን እኔ እችለዋለሁ። ሂጂ» አለቻት። ሌላ ምንም አላለችም። ማታ ግን ተጨማሪ ፈረቃ እንደጠየቀች ሰማሁ። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወጪ ሸፈንኩ፤ በሽሚያ የጻፍኩት ጽሑፍ ካሳ ይሁን ብዬ።

ፒትስበርግ ውስጥ የገባችበት ላቦራቶሪ ብዙ የተቀዳ ድምፅ ለሌላቸው ቋንቋዎች የማሽን ንግግር ይሠራል። ሥራዋ ማሽኑ በአካባቢው ያሉትን ቃላት አይቶ ቃሉ ይጥበቅ ወይስ ይላላ ብሎ እንዲመርጥ ማድረግ ነበር። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ውጤቷ ሁሉ የተሳሳተ መሆኑን አወቀች፤ ማሽኑን የምትፈትንባቸው ዓረፍተ ነገሮች ከምታስተምርበት ጋር ተቀላቅለው ነበር። መልሱን አስቀድሞ ያየ ተማሪን እንደመፈተን ማለት ነው። እያለቀሰች ደወለችልኝ። ለኃላፊዋ ስትናገር ግን «ጥሩ፣ አሁን ተመራማሪ ሆንሽ» አላት። እንደገና ጀመረች። የመጨረሻው ውጤት መጠነኛ ነበር፤ አንዳንድ ቃላት ላይ ይሠራል፣ ሌሎች ላይ ይስታል። ፖስተሯ ፊት ቆማ ማብራሪያ ስትሰጥ አንድ ፕሮፌሰር ከባድ ጥያቄ ጠየቋት። «አላውቅም፤ ግን እንዲህ ብዬ እሞክረው ነበር» ብላ መለሰች።

በእነዚያ 10 ሳምንታት በየቀኑ ማታ 2 ሰዓት፣ በእናንተ ሰዓት 8 መሆኑ ነው፣ ለአያቷ ትደውል ነበር። ፕሮግራሙ እያለ ስለምን ትደውያለሽ ስላት «ድምፄ ያው የእኔው ነው፤ በቀጥታ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው» አለችኝ።

ማመልከት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከእኛ ስሕተት የተማርነውን ላካፍላችሁ። የአብዛኞቹ ፕሮግራሞች መዝጊያ ቀን ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ስለሆነ ኦክቶበር ላይ ጀምሩ። ደብዳቤ ለሚጽፍላችሁ መምህር ቢያንስ አንድ ወር ስጡ። ገንዘቡ በየዓመቱ ከመንግሥት በጀት ጋር ይለዋወጣል፤ በ2025 የተሰረዙ ፕሮግራሞች ነበሩና እያንዳንዱን ቦታ አረጋግጡ። ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌላችሁ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ገንዘብ የሚያካሂዷቸውን ፕሮግራሞች ጠይቁ፤ ደንባቸው ሊለይ ይችላል። የትም ሳትሄዱም መጀመር ትችላላችሁ። ጆርጂያ ቴክ፣ ኤመሪ፣ ጆርጂያ ስቴት፣ ስፔልማን ወይም ሞርሃውስ ከሆነ የምትማሩት፣ የመምህራችሁ ላቦራቶሪ ጥቂት ፎቅ ብቻ ሊርቃችሁ ይችላል። እንደ እኔ ያለ የሚወዳችሁ ዘመድ «ለእኔ ተዉት» ካላችሁ ደግሞ አመስግኑትና ወረቀቱን ከእጁ ተቀበሉት።

ኦገስት ላይ ስትመለስ ያው ቤት፣ ያው ጀበና። እናቴ ለነገር ፈልጋ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ጠየቀቻት። «እህስ፣ ምርመራው አለቀልሽ?»

«ምርምር ነው፣ እማማ» አለች የእህቴ ልጅ። «ገና ነው።»

አላልታ ነው ያለችው። ማናችንም አልተሳሳትንም።